ቢጫው ቃል

እትዬ የሺዓለም በችፑዱ ግድግዳ ቀዳዳ ማየት የጀመሩት በጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቀዳዳዋ ከድሮም ነበረች። ሚስማር ተመትቶ የወለቀባት፣ የምስር ፍሬ የምታህል ናት። ሃያ ስምንት ዓመት ሲያስተምሩ አንድም ቀን ዓይናቸውን አስጠግተውባት አያውቁም። ከወዲያ በኩል የሚያስቀና ነገር አልነበረማ።

የዚያን ዕለት ግን ከወዲያ በኩል ሳቅ መጣ። የአንድ ልጅ ሳቅ አይደለም፤ ሃያ ምናምን ልጅ በአንድ አፍ የሳቀው፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ያለ ሳቅ ነው። እትዬ የሺ ስንጥራቸውን ፊደል ገበታው ላይ እንደደገፉ ቀሩ። ልጆቻቸው "ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ" እያሉ ነበር። ስንጥሩ ሲቆም እነሱም ቆሙ።

"እትዬ፣ እነዚያ ምን ያስቃቸዋል?" አለች ፊት ወንበር ላይ ያለችው።

"ሥራ ፈትተው ነው። እናንተ ቀጥሉ!"

በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ወደ ግቢ ሲወጡ እሳቸው ወደኋላ ቀሩ። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ቀዳዳዋ ላይ አስጠጉ።

መዋዕለ ሕፃናቱ ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ያለ የጭቃ ቤት ነው። አንዱ ሰፊ አዳራሽ በችፑድ ተከፍሎ ሁለት የጀማሪዎች ክፍል ሆኗል። የቀኙ የእትዬ የሺ ነው። እኔም አራት ዓመቴ ላይ፣ እግሬ መሬት ሳይነካ፣ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጥሬያለሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆጥሯል። የታክሲ ሾፌሩም፣ ነርሷም፣ ሥላሴ የሚቀድሰው ዲያቆንም "ቀ"ን የሚሰማት በእሳቸው ድምፅ ነው፤ ትንሽ ሻከር፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል።

የእትዬ የሺ አሠራር አንድ ብቻ ነው። ከ"ሀ" ይጀመራል። ቤቱ ሰባት ነው፤ ሰባቱ ሳይታወቁ ወደሚቀጥለው መስመር አይታለፍም። በመስከረም "ሀ"፣ በገና "ቀ"፣ በፋሲካ "ነ"፣ ክረምቱ ሳይገባ "ፐ"። ቃል የሚባለው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትልልቅ ወንድሞቹ አስተምረውት መስመር ዘሎ የሚመጣ ልጅ ሲገጥማቸው፣ "ደረጃ የዘለለ ጥርሱን ያጣል" ብለው ከ"ሀ" ይመልሱታል። ሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ ሠርተው አንድም ልጅ ማንበብ ሳይችል አልቀረባቸውም። ይህን ሲናገሩ አገጫቸው ከፍ ይላል።

ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ተወልደው ያደጉባት ቤት ሰፈሩ ሲነሣ አብራ ተነሣች፤ በምትኩ የተሰጣቸው ኮንዶሚኒየም ገላን ነው። ሁለት አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ይመጣሉ። "እዚያው አካባቢ ትምህርት ቤት አይጠፋም እኮ" የሚላቸው አይጠፋም። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "እዚያ ማን ያውቀኛል?"

በዚያች ቀዳዳ ያዩት ናዝራዊትን ነው።

ናዝራዊት በመስከረም መጨረሻ የተቀጠረች፣ ገና ሃያ አራት ዓመቷ የሆነች መምህርት ናት። ወንበር ላይ አትቀመጥም፤ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፋ ከልጆቹ መካከል ትቀመጣለች። ልጆቹ "ሚስ" ይሏታል። እንዲህ በሉ ብሎ ያስተማራቸው የለም። እትዬ የሺ "እትዬ" ናቸው፤ እንደ ጎረቤት፣ እንደ ዘመድ፣ እንደ ቤት ዕቃ። "ሚስ" ግን ሽቶ ሽቶ የሚል ቃል ነው።

ፊደል ገበታ አትሰቅልም። ከካርቶን የቆረጠቻቸው ካርዶች አሏት፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሙሉ ቃል ተጽፏል። "እኔ" በቀይ ካርቶን ነው፤ "ቤት" በአረንጓዴ። አንዱን ቢጫ ካርድ ከጀርባዋ ደብቃ፣ "ይህ ሚስ ናዝራዊት…" ብላ ትጀምርና ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ሲጠብቁ ካርዱን ብቅ ታደርጋለች።

"ነው!" ይላሉ በአንድ ድምፅ።

"እንዴ! እኔ ወንድ ነኝ እንዴ?" ትላለች ናዝራዊት ጺም እንዳለው ሰው አገጯን እያሻሸች። ልጆቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ይስቃሉ።

"ነው"! እስቲ ይታያችሁ። ቀኑን ሙሉ ከአፋችን የማይጠፋ፣ ዓረፍተ ነገራችንን ሁሉ የሚዘጋልን፣ ግን ማንም አንሥቶ ሊያሳየው የማይችል ቃል። ኳስን ታሳያለህ፤ ድመትን ትሥላለህ። "ነው"ን በምን ትሥለዋለህ? በእትዬ የሺ ገበታ "ነ" አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ናት፤ "ው" ደግሞ አሥራ ዘጠነኛው ላይ። ይህቺ ልጅ በጥቅምት ወር እዚያ ደርሳለች።

ከሁሉ የከፋውን ግን ያዩት በመጨረሻ ነው። ናዝራዊት እግር ላይ፣ ጀርባዋን ደገፍ ብላ የተቀመጠችው ኑሰይባ ናት።

ኑሰይባ የባለሱቁ የሸምሰዲን ልጅ ናት፣ አምስት ዓመቷ። በመስከረም የመጀመሪያ ቀን ሌሎቹ ሁሉ ሲያለቅሱ እሷ አላለቀሰችም፤ ከአንዱ አንዱ ጋ እየዞረች፣ "ነገም አለ እኮ፣ ዛሬ አትጨርሱት" ስትል ነበር። እትዬ የሺ ያን ዕለት ቀሚሳቸውን ይዛ የዋለችውን ይህቺን ልጅ ከሌሎቹ ለይተው ወደዷት። ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተሩ አቶ አጽብሐ የልጆቹን ቁጥር ለማመጣጠን ብለው አራት ልጅ ወደ ወዲያኛው ክፍል ሲያዛውሩ፣ ከአራቱ አንዷ እሷ ሆነች። አሁን ደግሞ እነሆ፣ ቢጫ ካርድ እያየች ከሁሉም ቀድማ ትጮኻለች።

"ስንፍናዬን ልንገርህ?" አሉኝ በኋላ ሲያጫውቱኝ። "የቀናሁት በትምህርቱ አልነበረም። ልጅቷ ስትስቅ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። እኔ ጋ ሳለች የፊት ሁለቱን ብቻ ነበር የማውቃቸው።"

ከዚያ በኋላ ቅናቱ እንደ ጥርስ ሕመም ሆነባቸው፤ ሲነኩት ያማል፣ ሳይነኩት አይውሉም። ናዝራዊት ካርዶቿን የምታወጣው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መሆኑን ደረሱበት። ልክ በዚያ ሰዓት እሳቸው ልጆቻቸውን ያስነሡና፣ "በሉ፣ ዛሬ እንጦጦ ድረስ እንዲሰማ!" ይላሉ። "መ፣ ሙ፣ ሚ" ችፑዱን ያንቀጠቅጠዋል። ናዝራዊት አንድ ቀን በሩ ላይ መጥታ፣ በትሕትና፣ እጇን አጣምራ ቆመች።

"እትዬ የሺ፣ ልጆችዎ ድምፃቸው እንዴት ያምራል! ትንሽ ዝቅ ቢሉልን ግን…"

"ፊደል በሹክሹክታ አይቆጠርም፣ ልጄ። ሹክሹክታ የሐሜተኛ ነው።"

ናዝራዊት ሳቀች። ከልቧ ሳቀች። እሱም አናደዳቸው።

በታኅሣሥ አቶ አጽብሐ ሁለቱን መምህራን ቢሮ ጠሩ። አቶ አጽብሐ መነጽራቸው አንድ እግር ብቻ ያለው፣ ሌላውን እግሩን ከጣለ ዓመት ያለፈው፣ ሲያነቡ በአንድ እጃቸው ደግፈው የሚይዙት ሰው ናቸው።

"እንደምታውቁት ሰፈሩ ሲነሣ ልጆቹም ከወላጆቻቸው ጋር እየሄዱ ነው" አሉ። "ከጥምቀት በኋላ ሁለቱ ጀማሪ ክፍሎች አንድ ይሆናሉ። አንድ ክፍል፣ አንድ መምህርት። ሁለተኛዋ ረዳት ትሆናለች። የጥምቀት ሳምንት ሳይገባ ባለው ቅዳሜ ወላጆች ይመጣሉ። ሁለታችሁም ልጆቻችሁን አሳዩን። ውሳኔውን ሰኞ እነግራችኋለሁ።"

"እኔን ነው ልጆች አሳዪ የሚሉኝ?" አሉ እትዬ የሺ። "የእርስዎን ሁለት ወንድ ልጆች ፊደል ያስቆጠርኩ እኔ?"

"ያስቆጠሯቸው እርስዎ ነዎት፣ ወይዘሮ የሺዓለም። አንደኛው አሁንም ስልክ ቁጥር ሲያነብ እየዘመረ ነው" አሉ አቶ አጽብሐ። ቀልድ ነበር። እትዬ የሺ ግን ገላን እስኪደርሱ ድረስ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ አመነዠኩት።

ገና ሊገባ ሲል፣ ረቡዕ ቀን፣ ከትምህርት መልስ፣ እትዬ የሺ ሳሙና ሊገዙ ሸምሰዲን ሱቅ ጎራ አሉ። ኑሰይባ ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

"እትዬ የሺ፣ እንኳን መጡ! ልጄ የምትሠራውን ጉድ ይዩልኝ" አለ ሸምሰዲን። "ኑሲ፣ ለእትዬ አንብቢላቸው።"

ኑሰይባ ጣቷን ወደ መደርደሪያው ዘረጋች። እዚያ ቢጫ የፓስታ ካርቶን ተደርድሯል፤ ላዩ ላይ ያለው የፈረንጅ ጽሑፍ ብቻ ነው።

"ነው!" አለች።

"ሰሙ? ማሻአላህ! ዛሬ ፓስታውን አነበበች፣ ነገ ሩዙን ታነባለች፣ ከነገ ወዲያ እኔን ከሱቁ ታባርረኛለች!" ሸምሰዲን ፊቱ በራ። ንግግሩ የሱቅ ሰው ቀልድ ይምሰል እንጂ ዓይኑ ላይ ያለው ቀልድ አልነበረም። እሱ ራሱ ትምህርቱን ከሦስተኛ ክፍል አቋርጦ ነው ከወልቂጤ የመጣው።

እትዬ የሺ ካርቶኑን አዩ። ልጅቷን አዩ። ናዝራዊት ካርዶቿን ከየት እንደቆረጠቻቸው ያን ጊዜ ገባቸው። ምን እንደተሰማቸው ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር፤ "ቀዝቃዛ ውኃ የጠጣሁ ያህል አንጀቴ ራሰ!"

ዓርብ ዕለት አረጋገጡ። ዓርብ ትምህርት የሚያልቀው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሸምሰዲን ግን ጁምዓ ሰላት ስላለው ዘግይቶ ይመጣል። እስኪመጣ ኑሰይባን በር ላይ ይዘው የሚቆዩት እትዬ የሺ ናቸው። ልጅቷ ክፍል ከቀየረችም በኋላ ይህች ሰዓት ለእሳቸው ቀርታላቸዋለች። ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው የድንጋዩ ደረጃ ላይ "ነው" ብለው ጻፉ።

"ይህ ምን ይላል፣ የኔ እመቤት?"

ኑሰይባ ጭንቅላቷን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ አየችው።

"ምንም አይልም።"

"'ነው' አይልም?"

"አይ እትዬ!" አለች ልጅቷ፣ ባለማወቃቸው እያዘነች። "'ነው' እኮ ቢጫ ነው!"

እትዬ የሺ አቀፏት። የአምስት ዓመት ልጅ አንገት ሥር ፊታቸውን ደብቀው ሳቁ። ልጅቷም አብራ ሳቀች፤ ምን እንደሚያስቅ ሳታውቅ።

ሰኞ ጠዋት ቀጥ ብለው ወደ አቶ አጽብሐ ቢሮ ሄዱ። ክስ አላቀረቡም። ድምፃቸውን አለስልሰው፣ "ለቅዳሜው አንድ ሐሳብ መጣልኝ" አሉ። "ካርዱን ልጆቹ ለምደውታል። እርስዎ 'ነው'ን በእጅዎ ሰሌዳ ላይ ቢጽፉላቸው ወላጅ የበለጠ ደስ ይለዋል።"

"ጥሩ ሐሳብ ነው!" አሉ አቶ አጽብሐ መነጽራቸውን እየደገፉ። "ለናዝራዊት ልንገራት?"

"ምን ያስቸኩላል? ድንገት ቢሆን ነው የሚያምረው።"

የዚያን ሳምንት እትዬ የሺ በቀዳዳዋ አላዩም። ፊደሉንም ዝቅ ባለ ድምፅ አስቆጠሩ። ናዝራዊት በሩ ላይ ብቅ ብላ አመሰገነቻቸው። "እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ" አሏት፤ ማርም እንዲህ አይጣፍጥም።

እንዲህ ሲሉ ዓርብ ደረሰ፤ የቅዳሜው ዋዜማ።

ስድስት ሰዓት ላይ ግቢው ባዶ ሆነ። ኑሰይባና እትዬ የሺ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ አዲስ ጫማ አድርጋለች፤ ለነገ የተገዛ ነው፤ ግን አላስችል ብሏት ዛሬውኑ አድርጋው መጣች።

"ነገ እኔ ነኝ የማነበው" አለች። "ሚስ 'ኑሰይባ መጀመሪያ ትነሣለች' ብላለች። አባዬ ሱቅ ሊዘጋ ነው። እማዬም፣ ሀኒፋ አክስቴም ከመርካቶ ትመጣለች።"

እትዬ የሺ ጫማዋን አዩ። ነገ የሚሆነው በዓይናቸው መጣ። አቶ አጽብሐ ይጽፋሉ። ልጅቷ በአዲስ ጫማዋ ትነሣለች። "ምንም አይልም" ትላለች፤ ጠፍቶባት ሳይሆን እርግጠኛ ሆና። ሰዉ ይስቃል። ሸምሰዲን አብሮ ለመሳቅ ይሞክራል።

እዚህ ላይ ሲደርሱ ታሪኩን ላሳምርላቸው ፈልጌ ነበር፤ "አሳዘነችዎት" አልኳቸው።

"አዎ ብል እዋሻለሁ" አሉኝ። "አዝኛለሁ፣ አላዘንኩም አልልህም። ግን ጠመኔውን ያስወጣኝ እሱ አይደለም። ልጅቷ ማንበብ የምትጀምረው በዚያ ቃል ነው። የመጀመሪያ ቃሏ። አንድ ሰው ሲያስይዛት ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ትሄዳለች። እሱ የናዝራዊት ፓስታ ሊሆን ነው? እኔ እያለሁ? ቀናሁ። ቀንቼ ነው ያስተማርኳት።"

በሃያ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መስመር ዘለሉ። ገና "ቀ" ላይ እያሉ "ነ"ን ደረጃው ላይ ጻፉ፤ ትልቅ አድርገው።

"ይህቺ ምን ትመስላለች?"

"ወንበር!" አለች ኑሰይባ።

"ጎሽ! መደገፊያዋ ይኸው፣ መቀመጫዋ ይኸው። 'ነ' ትባላለች። ይህስ?" ከጎኗ "ው"ን ጻፉ።

ኑሰይባ ብዙ አሰበች። ከዚያ አፏን በእጇ ሸፍና ተንከተከተች። "የጋሽ አጽብሐ መነጽር! አንድ እግሩ የለም!"

"እሱን ለሳቸው እንዳትነግሪ። 'ው' ነው የሚባለው። አሁን ወንበሩና መነጽሩ ጎን ለጎን ሲሆኑስ?"

"ነ… ው።" ልጅቷ ቆመች። እንደገና አለችው፤ ፈጠን አድርጋ። ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ዓይኖቿ ፍጥጥ አሉ። "ነው? ያ 'ነው'? የሚስ 'ነው'?"

"እሱ ራሱ።"

"ቢጫ ሳይሆንም?"

"ቢጫ ሳይሆንም።"

ስንት ነገር አይተናል፤ ሕንፃ ሲፈርስ፣ መንገድ ሲሰፋ፣ መብራት ሲሰቀል። አንዲት ልጅ ቃል ከቀለሙ ሲላቀቅላት ግን ደረጃው ላይ ከሁለቱ በቀር ያየ የለም። ኑሰይባ ጠመኔውን ነጥቃ ጻፈች፤ ወንበሩ ተንጋደደ፣ መነጽሩ ሰፋ፤ ግን "ነው" ነበረ። ሰባት ጊዜ ጻፈችው። የእትዬ የሺ እጅ እጇ ላይ ነበር፤ ከአራተኛው በኋላ ግን አላስፈለጋትም።

ሸምሰዲን ከላይ ሲመጣ ሲያዩ እትዬ የሺ በነጠላቸው ጫፍ ደረጃውን ጠረጉት። "ይህ የኔና ያንቺ ምስጢር ነው። ለማንም አይነገርም፣ እሺ?"

"ወላሂ!" አለች ኑሰይባ።

ቅዳሜ የእትዬ የሺ ክፍል በወላጆችና በልጆች ሞላ። መጀመሪያ የእትዬ የሺ ልጆች ተነሡ። ከ"ሀ" እስከ "ቀ" ዘጠኙን መስመር አንድም ሳያስቱ ወረዱት። በእውነት ያምር ነበር። ወላጆች አጨበጨቡ፤ አንዳንዶቹም በትዝታ ከንፈራቸውን አብረው አንቀሳቀሱ። ሌሎቹ ስልካቸውን ያያሉ።

ቀጥሎ ናዝራዊት ካርዶቿን ይዛ ስትነሣ አቶ አጽብሐ እጃቸውን ዘረጉ። "ዛሬ ካርዱ ይቅርና እኔ ልጻፍላቸው።" ጠመኔ አንሥተው ሰሌዳው ላይ "ነው" ብለው ጻፉ። "በሉ፣ ይህ ምን ይላል?"

ልጆቹ ሰሌዳውን፣ ከዚያ ናዝራዊትን አዩ። ናዝራዊት በመጀመሪያ ፈገግ ብላ ጠበቀች። ከዚያ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። እጇ ውስጥ ያለውን ቢጫ ካርድ ቁልቁል አየችው፤ የገባት ያን ጊዜ ነው። እትዬ የሺ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ያን ፊት ለማየት አሥር ቀን ጠብቀዋል። ሲያዩት ግን እንዳሰቡት አልጣፈጣቸውም፤ "ጨው እንደጎደለው" አሉኝ።

ኑሰይባ ተነሣች። አዲሱ ጫማዋ ሲጢጥ አለ። ሰሌዳው ጋ ሄደች።

"ወንበር" አለች ለራሷ። "መነጽር።" ዞር ብላ አቶ አጽብሐን አየች፤ ሳቋን ዋጠች። "ነው! 'ነው' ይላል!"

ሰዉ አጨበጨበ። አቶ አጽብሐ አላመኑም፤ "ሰማዩ ሰማያዊ ነው" ብለው ጻፉ። "የት አለ?" ኑሰይባ እስከ ሰሌዳው ጫፍ ሄዳ መጨረሻው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ሸምሰዲን ብድግ ብሎ ቆመ፤ ምን እንደሚል ጠፍቶት እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"ማን ነው ያስተማረሽ፣ አንቺ?" አሉ አቶ አጽብሐ።

እትዬ የሺ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ልጅቷ ቀና ብላ በሰዉ መካከል ፈለገቻቸው። አየቻቸው።

"ምስጢር ነው!" አለች ኮራ ብላ።

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሸምሰዲን ናዝራዊት ጋ ሄዶ ሁለት እጇን ይዞ፣ "ሚስ፣ አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው! ልጄን አስነበብሽልኝ!" አላት። ናዝራዊት አልሳቀችም።

ሰው ከተበተነ በኋላ ደረጃው ላይ አገኘቻቸው።

"እትዬ የሺ፣ እርስዎ ነዎት አይደል?"

"ምኑን?"

"ኑሰይባን። ሌሎቹ የሚያውቁት ቀለሙን ብቻ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ካርቶን ነው ሳስተምር የቆየሁት።" ቢጫውን ካርድ ለሁለት አጠፈችው። "ወንበርና መነጽር ደግሞ እኔ ብዬ አላውቅም።"

"እኔ ገና 'ቀ' ላይ ነኝ፣ ልጄ። 'ነ' በፋሲካ ነው።"

"አቶ አጽብሐ ገና አልሄዱም። አሁኑኑ ገብቼ እነግራቸዋለሁ። ክፍሉ የሚገባው ለእርስዎ ነው።"

ሊቀበሉት ይችሉ ነበር። አንድ "አዎ" ብቻ። የሃያ ስምንት ዓመት ክፍላቸው፣ ልጆቻቸው፣ ሁለት አውቶቡስ የሚያሳፍራቸው ነገር ሁሉ በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እትዬ የሺ ቀና ብለው አዩዋት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ አንገቷ ቀጥ ብሎ፣ በገዛ እጇ እንጀራዋን ልትሰጣቸው ቆማለች፤ እንደዚህም ሆና ታምራለች። እሳቸው አሥር ቀን ሲጎነጉኑ የከረሙትን እሷ በአንድ ደቂቃ ልትፈታው ነው። ሳቁን ወሰደች፣ ልጅቷን ወሰደች፤ አሁን ደግሞ ደግነቱንም ቀድማ ልትወስደው!

"ሂጂና ተናገሪ" አሏት። "ቢጠሩኝ አላውቅም ነው የምለው። አንዳንድ ልጅ አስተማሪ አያስፈልገውም።"

ናዝራዊት ገባች፤ ተናገረችም። አቶ አጽብሐ ጠሯቸው፤ ጠየቋቸው። "የዋህነቷ ነው" አሉ እትዬ የሺ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ። "ወጣት ሲመሰገን ይደነግጣል።"

ሰኞ ክፍሉ ለናዝራዊት ተሰጠ። እትዬ የሺ ረዳት ሆኑ።

ይለቃሉ ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም፤ እኔም ጠብቄ ነበር። "ከለቀቅኩ ማን ይጠብቃታል?" አሉኝ። መጠበቅ ሲሉ የትኛውን መጠበቅ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ከጥምቀት በኋላ ችፑዱ ተነሥቶ አዳራሹ አንድ ሆነ። ናዝራዊት ባለቀለም ካርቶኖቿን ጣለቻቸው፤ ካርዶቹ ሁሉ በነጭ ወረቀት፣ በአንድ ልክ እንደ አዲስ ተጻፉ። ግድግዳው ላይ ፊደል ገበታ ሰቅላ፣ ጠዋት ጠዋት ፊደል የሚያስቆጥሩት እሳቸው እንዲሆኑ ለመነቻቸው። "ከሆነ ይሁን" አሉ፤ ሦስት ቀን አስለምነው።

አንድ ሐሙስ፣ ልጆቹ ተኝተው ሳለ፣ ናዝራዊት አዲስ ካርድ ስትጽፍ እሳቸው ከጎኗ ተቀምጠው አፍንጫ የሚጠርጉበትን ጨርቅ ያጣጥፋሉ።

"እትዬ፣ ሰኞ 'ይህ' የሚለውን ብጀምርላቸው ምን ይመስልዎታል?"

"ጀምሪ። ምን ቸገረኝ።"

ሰኞ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ናዝራዊት ሰሌኑ መካከል ተቀመጠች። ነጩን ካርድ ከጀርባዋ አወጣች። አፏን ሳትከፍት ኑሰይባ ብድግ አለች።

"ይህ!"

ናዝራዊት ካርዱን እንደያዘች ቀረች። ልጅቷን አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ አዳራሹ ኋላ ዞረች። እትዬ የሺ መስኮቱ ሥር ቆመው የአንዱን ልጅ አፍንጫ እየጠረጉ ነበር፤ አፍንጫው ቢጸዳም አሁንም እየጠረጉ፣ ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ከኑሰይባ ጋር ደረጃው ላይ ምን ሲሠሩ እንደነበር ማንም እንዳይጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው።